አክስቴ ሉባባ ውሃ ላይ የቆመች ለት

አክስቴ ሉባባ መሞቷን የሰማሁት ወልድያ ሆኜ ነው። የጀልባ ሞተራችን ዕቃ ተሰብሮብኝ ያንን ልፈልግ ሄጄ ነበር። አባቴ ደወለ። በስልክ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አይደለም። «ኑሬ፣ ሉባባ አርፋለች። ከአስር ሶላት በፊት ነው የምንቀብራት፣ ድረስ» ብሎ ዘጋው። ኩላሊቷን ታማ ስለነበር ያልጠበቅነው ነገር አልነበረም። ሲመጣ ግን ያው ዱብ ዕዳ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ አምባሰል ከፍቶ ነበር። ዝጋው ልለው አሰብኩና ተውኩት፤ እሷ ብትኖር «ከፍ አድርገው እንጂ፣ ምን ያንሾካሹክብናል» ነበር የምትለው። መርሳን አለፍን፣ ውርጌሳን አለፍን። ውጫሌ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ግን ትዕግስቴ አለቀና ተጣላሁት። ለቀብር እንደምሄድ ስነግረው ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ዘፈኑንም ዘጋው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ለቅሶው ላይ ከአምባሰል ገጠር የመጡ የሩቅ ዘመዶች ነበሩ። «ሉባባ የቷ ናት?» ይባባላሉ። አንዱ «ያቺ ውሃ ላይ የቆመችዋ ናታ» ሲል ሁሉም አወቋት። አጠገቤ የተቀመጠው አባቴ ሰማና «ሰው እሱን ብቻ ነው የሚያውቅላት» አለኝ። «ሰው ምን ያድርግ፣ ሌላውን አልነገርነውማ» አልኩት። ስለዚህ ልንገር።

ሉባባ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ገና ልጃገረድ ሳለች ኩዌት ሄደች፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ቆየች። የቤታችን ቆርቆሮ ከሷ ነው፣ የኔ ትምህርት ከሷ ነው፣ ጀልባዋም ከሷ ናት። ጀልባ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከኋላዋ አንድ ሞተር የተገጠመላት፣ ቀለሟ የተላጠ፣ የቤተሰብ ጀልባ ናት። ጠዋት መረብ ታነሳለች፣ ቅዳሜና እሁድ ሽርሽር የመጣ ሰው ታዞራለች፣ ሰርግ ሲኖር ሙሽራ ትጭናለች። የምነዳት እኔ ነኝ። አባቴ እንድሪስ መረብ ይጥላል፣ እናቴ ዘሀራ ከዳር ሆና አሳ ትጠብሳለች።

ከኩዌት የሚመጣ ሰው ብርድ ልብስ ያመጣል፣ ቴሌቪዥን ያመጣል፣ አላህ ከሰጠው ወርቅ ያመጣል። ሉባባ ጠቅልላ የመጣች ለት ግን ከሻንጣዋ ሌላ በአንሶላ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ ደረቷ የሚደርስ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነገር ታቅፋ ነው ከሚኒባስ የወረደችው። ላግዛት ብል አልሰጥም አለች። ሰፈሩ ተወያየበትና «የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው» ብሎ ደመደመ። እናቴ እንዲያውም «እግሮቹ የታሉ?» ብላ ሻንጣው ውስጥ ልትፈልግ ነበር። ላዩ ላይ ሁለት ጫማ የመሰለ ነገር ተጣብቆበታል፤ እሱን ማንም ሊፈታው አልቻለም። ጋሽ ወርቁ፣ ከአባቴ ጋር መረብ የሚጥሉት ጎረቤታችን፣ ብዙ ካዩት በኋላ «ጫማ እንዳይሰረቅ ነው እንዲህ የሚሰፉት፤ አገሩ ሌባ ይበዛዋል ማለት ነው» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ እሱው ላይ በርበሬ አሰጣች። ሉባባ አየችው። በርበሬውን ወደ ሰፌድ ገለበጠች፣ ሰሌዳውን አጠበች፣ ግድግዳ አስደግፋ አቆመችው። እናቴ ደንግጣ «አፉ በይኝ ሉብዬ፣ አላወቅሁም፣ አፉ በይኝ» እያለች ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት። ችግሩ ይሄ ነበር። ሌላ የቤታችን ሰው በርበሬዋን ቢነካ ኖሮ «ታዲያ የት ላስጣው፣ ራስህ ላይ?» ነበር የምትለው። እናቴ ለይቅርታ የምትቸኩል ሴት አይደለችም።

ሉባባ ቤታችን ውስጥ እንግዳ ነበረች። ማንም እንዲያ ብሎ አልወሰነም፤ እንዲያው ሆነ። ጥሩው አልጋ የሷ ነው። ከቆሮሶ አሳው የወፈረው የሷ ነው። መጥረጊያ ካነሳች ሁለት ሰው ይሻማታል። አባቴ፣ እኔን ከጠዋት እስከ ማታ «አንተ ሰነፍ» የሚለኝ ሰውዬ፣ ለሷ ሲናገር ድምፁ ይለዝባል። «እስቲ አረፍ በይ። እዚያ የሰው አገር ስትደክሚ ኖረሽ እዚህም ልትደክሚ ነው?» ይላታል። ከልቡ ነው። እህቱ በሰው ቤት ጉልበቷን ጨርሳ የሱን ቤት መሥራቷ ያንገበግበው ነበር፤ ደግሞ ትሄድብኛለች ብሎ ይፈራል። በምቾት ሊያስቀራት ነበር የፈለገው።

እሷ ደግሞ መቀመጥ አታውቅም። ሰው ሲበላ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። የማንም ስልክ ሲጮኽ ብድግ ትላለች። አንድ ነገር ልትይዝ ስትል መጀመሪያ መዳፎቿን ቀሚሷ ላይ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች፤ ብርጭቆም ይሁን የሕፃን እጅ። የጠጣችበትን ማንም ሳያያት አጥባ ትመልሳለች፣ እናቴ ከደረሰችባት እንደ ሌባ ትደነግጣለች። ሻንጣዋን አልፈታችም ነበር።

«እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይሆናል ይሉ የለ?» አለችኝ አንድ ቀን። «እኔ መቼ ነው ብረት የምሆነው፣ ኑሬ?» እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከደሴ አንድ ደላላ ይደውልላት ነበር። ሌላ ቤት፣ ሌላ እመቤት አግኝቶላታል፤ «ወሩ ሳያልቅ ቁርጡን ንገሪኝ» ይላታል። እሺም አትለው፣ እምቢም አትለው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አባቴ የያዘውን ያስቀምጣል። መረብ እየጠገነም ከሆነ እጁ ቆሞ ይቀራል፤ እሷ ተናግራ እስክትጨርስ አይቀጥልም።

አንድ ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ጀልባዋን ሳጥብ ሉባባ ሰሌዳዋን ታቅፋ ዳር ድረስ መጣች። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አድርጋለች፣ ሻሿን አገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራለች።

«ኑሬ፣ ይቺ ጀልባ የማን ናት?»

«ያንቺው ናታ።»

«ተው እሱን። ‹ያንቺው ነው፣ ቤትሽ ነው› ለእንግዳ ነው የሚባለው። የእውነት የኔ ከሆነች ትጎትተኛለህ?»

ያኔ ነው ያስረዳችኝ። የኩዌት ሰዎቿ ጀልባ ነበራቸው። ጁምዓ ጁምዓ ባህር ይወርዳሉ። ልጆቹ ተራ በተራ እግራቸውን ሰሌዳው ላይ አስረው ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ የገመድ እጀታ ይይዛሉ፣ ጀልባዋ ስትሮጥ ገመዱ እየጎተተ ያነሳቸውና ውሃው ላይ ቆመው ይከተላሉ። የሷ ሥራ ፎጣ ይዞ ፊቷን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ ነበር፤ ልጅ ሲወድቅ ለሚነዳው ሰው እጇን ታነሳለች። ልጆቹ አደጉ፣ ሰሌዳው ጫፉ ተሰነጠቀና ሊጣል በር ላይ ወጣ። ልውሰደው ብላ ጠየቀች። «‹ምን ያደርግልሻል? አንቺ ትሰምጫለሽ› አለችኝ ልጅቷ» አለች ሉባባ። «በክፋት አይደለም ኑሬ፣ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። እንዲያው ስለመሰላት ነው።»

ሰሌዳውን ገልብጬ ስንጥቁን አየሁት። በሙጫ ደፍናዋለች።

«እዚያ ሆኜ አገሬ ሐይቅ አለ፣ ወንድሜ ጀልባ አለው እል ነበር» አለች። «አንድ ቀን በኔ ጀልባ፣ በኔ ውሃ ላይ እቆማለሁ እል ነበር። እዚህም ተቀምጬ የሌላ ሰው ፎጣ የያዝኩ ያህል ከሆነ፣ እዚያስ ብሄድ ምን ለየው? ሁለቱም የሰው ቤት ነው።»

እኔ ያሰብኩት ስለ ቤንዚን ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ከየሱቁ ጓሮ ነው የምንለቅመው። እሷ ግን ቀድማ አስባበታለች። ቤንዚን የሞላ ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥላ ነው የመጣችው።

አባቴ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እህቴ እንደ መረብ ጀልባ ኋላ ልትጎተት? ሰው ምን ይለኛል? ላቧን በላ በላና በገመድ ጎተታት አይለኝም?»

«መዋኘት ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ፣ አያ?»

«መዋኘትና መጎተት አንድ ነው እንዴ?»

በመጨረሻ «እኔ ካለሁበት ይሁን» አለ። እናቴ «እኔም ካለሁበት» አለች። ጋሽ ወርቁ «ውሃ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይኖርማ አይሆንም» ብለው ገቡ። የእናቴ እህቶች «ሉባባን ብቻዋን ለወንዶች?» ብለው ገቡ። ስንቅ ገባ፣ ጋቢ ገባ፣ ሻይ በፔርሙስ ገባ። ጀልባዋ አፍንጫዋ ብቻ ቀረ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ እነ እናቴ «አሚን» አሉ፣ ጋሽ ወርቁ «አሜን» አሉ። እኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም፣ ብቻውን አይደሰትም፣ ውሃ ውስጥም ብቻውን አይገባም። ሞተሩን ማን ይጠይቀዋል?

ሉባባ ብርቱካናማውን መንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች። ጉልበቷን አጥፋ ሰሌዳውን ከፊቷ አቆመች። «እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። እናንተም አትሳቡ። የምታነሳኝ ጀልባዋ ናት» አለች። ገመዱን ከጀልባዋ ጋር ላስር ስል ግን አባቴ ነጠቀኝ። «ሰው እንደ በግ አይታሰርም» ብሎ ትከሻው ላይ ጠመጠመው። «እኔው እይዛታለሁ።»

ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ አቃሰተ፤ ጀልባዋ ግን እንደ እርጉዝ ላም ቀስ ብላ ነው የሄደችው። ሉባባ አልተነሳችም፣ ውሃውን እየገፋች መጣች። ውሃ ተረጭቶ ፊቷን ሲሸፍናት እናቴ «ሰመጠች! አቁም!» አለች። አቆምኩ። ሉባባ በአፍንጫዋ ውሃ እያስወጣች «ምነው አቆማችሁ?» አለች።

«ወድቀሻላ!»

«አልወደቅሁም። ልነሳ ነበር።» ከዚያ እጀታውን ፈለገችና «ደግሞ» አለች። ይቺ ቃሏ ናት። ብታነጥስም፣ ብታስልም፣ የምትለው «ደግሞ» ብቻ ነበር።

ደግሞ ሄድን። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መረብ ሲስብ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ውስጥ ገመድ ከተወጠረ ይስባል፣ አይጠይቀውም። ጋሽ ወርቁም አይተው አላስቻላቸውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ከኋላው ያዙ። ሁለት ባለ መረብ፣ እየተቀባበሉ፣ ሉባባን እንደ ትልቅ አሳ ወደ ጀልባዋ ሳቧት። ገመዱ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይነጥቃታል። ሉባባ በግንባሯ ሐይቁን አረሰችው። ብቅ ስትል ሰሌዳው ካንድ እግሯ ወልቋል፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዷል።

«አያ፣» አለች ትንፋሿን ሰብስባ፣ «እኔ ቆሮሶ ነኝ?»

ጋሽ ወርቁ ብቻ ናቸው የሳቁት። አባቴ እጆቹን አያቸው፤ ምን እንዳደረጉ አሁን ገና ያወቀ ይመስል ነበር። ደግሞ ሲወጠር ግን ደግሞ ሳበ።

እንዲህ እያልን ብዙ ጠዋት ወጣን። ከጠዋት ሌላ አይሆንም፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይበጠበጣል። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደግሞ አባቴ ሞተር አያስጮኽም፤ «አባቶች ጸሎት ላይ ናቸው» ይላል። ስለዚህ በኛው ዳር ወዲያና ወዲህ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ዳር ላይ ይሰለፋል። «ሉባባ ዛሬም ሐይቁን ልትጠጣው መጣች» ይላሉ። ባጃጅ ሳይቀር ቆሞ ያያል። ሉባባ ግድ አልሰጣትም። ማታ ስታስል እንሰማለን፣ ጠዋት ግን ቀድማን ዳር ላይ ናት። በጀልባዋ ውስጥ ያለው ሰውም አይቀንስም። በወደቀች ቁጥር እንዲያውም የሚጨነቅላት ይጨምራል። «አብሽሪ ሉብዬ! አብሽሪ!» እያለ ጀልባዋን ያሰምጣታል።

«አክስቴ፣ ሰው ይቀንስ በያቸው» አልኳት።

«ስለኔ የመጡ ሰዎችን ውረዱ ልበል? እንግዳ ባለቤቱን ውጣ ይላል?»

አንድ ቀን እጀታው ተፈናጥሮ አፍንጫዋን መታት። ደም በደም ሆነች። አባቴ ገመዱን ወረወረው። ዳር ስንደርስ ሁላችንም ባለንበት «በቃ!» አለ። «ከእንግዲህ የለም። እኔ እህቴን ለመጫወቻ አልገድላትም። ምን ጎደለሽ? ንገሪኝ፣ ምን ጎደለሽ? የምትበይው አለ፣ የምትተኚበት አለ፣ ማንም ክፉ ተናግሮሽ አያውቅም...»

ሉባባ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ቆማለች። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ደላላው ነው። አላነሳችውም።

«አያ» አለች። «ልጅ ሆኜ እንስራ የሰበርኩ ለት ምን አደረግከኝ?»

አባቴ ግራ ገባው። «ገረፍኩሽ እንግዲህ።»

«አሁን ብሰብርስ?»

አባቴ ፊቱን ወደ ጀልባዋ አዞረ።

«አሁን ብሰብር ‹እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ሸክላ ነው› ትለኛለህ። እትዬ ዘሀራ ስብርባሪውን ትለቅማለች። እኔ ቁጭ እላለሁ። እሱ ለእንግዳ ነው አያ። እንግዳ ደግሞ መጨረሻው መሄድ ነው።» ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «ይሄን ሰውዬ ነገ እሺ ልለው ነው። እዚያ ቢያንስ ሲቆጡኝ ሥራ እንዳለኝ አውቃለሁ።»

አባቴን አየሁት። ፊቱ ላይ ያለውን እስከዛሬ አልረሳውም። ሲፈራው የኖረው ነገር መጣ፤ የመጣው ደግሞ እንዳይመጣ ብሎ ባደረገው ነገር ነው። ዱላውን አንስቶ ወደ መስጊድ ሄደ። ቀኑን ሙሉ አልተመለሰም። እናቴ ታለቅስ ነበር፤ እኔም ሞተሩን እንደምጠግን ሆኜ ስነካካው ዋልኩ። ሉባባ ብትሄድ የልቤን ማን ይረዳልኛል፣ የምትረዳልኝ እሷ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ዳር ስደርስ አባቴ ቀድሞኛል። ጀልባዋ ባዶ ናት። ገመዱን ከኋላዋ አስሮታል፤ ሰው እንደ በግ አይታሰርም ያለው ሰው፣ በገዛ እጁ፣ የማይፈታ ቋጠሮ። የእናቴ እህቶች ሲመጡ «ማንም አይገባም» አለ። እናቴ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። «ዘሀራ፣ ውረጅ» አላት። ጋሽ ወርቁ የሰሙት ሳይነገራቸው ነው፤ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

ሉባባ መጣች። አየችው፣ ገመዱን አየችው። እሱ ውሃውን እያየ «ማን ነው ታዲያ የሚያይሽ? ኑሬ ወደፊት ነው የሚያየው» አለ።

«አንተ ከዚህ ሆነህ እየኝ» አለች። «ገመዱን ስለቅ ዱላህን አንሳ። ኑሬ አንተን ያያል፣ ያቆማል። ካልለቀቅሁ ግን አታንሳ። ውሃ ቢሸፍነኝም አታንሳ።»

«እሺ» አለ።

ሄድን። ቀላል ጀልባ ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ ራሱ የተገረመ ይመስላል። ግን ገና ውሃው ሉባባን ሸፈን ሲያደርጋት ዱላው ተነሳ። አቆምኩ። ሉባባ ገመዱን አልለቀቀችም ነበር። ውሃው ውስጥ ሆና አባቴን ዝም ብላ አየችው። ጅራፍ የያዘች ያህል ነው ያቀረቀረው። «እጄ ነው...» አለ።

«ደግሞ» አለች ሉባባ።

ደግሞ ነዳጅ ሰጠሁ። አሁን ዓይኔ አባቴ ላይ ነው። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ይዞታል፣ ሊነቀል የሚታገለው ይመስል ወደ ታች ይጫነዋል። እናቴ ክንዱን ይዛ ትነቀንቀዋለች። «ሰመጠች እንድሪስ! የለችም! የለችም እኮ!» ድምጿ ከሞተሩ በላይ ይሰማኛል። ወደ ኋላ ዞር ብል ነጭ ውሃ ብቻ ነው፣ ሰው የለም። እኔም ፈራሁ፣ እጄ ወደ ሞተሩ ማጥፊያ ሄደ። ወደ አባቴ ተመለስኩ። ከንፈሩ ዱዓ ላይ ነው። ዱላው ንቅንቅ አላለም። እሱ ካላነሳ አላቆምም አልኩና ያለውን ነዳጅ ሁሉ ሰጠሁት።

ከዚያ ጀልባዋ ድንገት ቀለላት። የሆነ ጭነት የወረደላት ያህል ወደፊት ፈተለከች። ገመዱን ለቀቀች ብዬ ዞርኩ።

ሉባባ ቆማለች።

አሁን ሰው ሲያወራው እንደ ወፍ በረረች ይላል። አልበረረችም። ጉልበቷ ታጥፎ፣ ወገቧ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ እርጥብ ቀሚሷ እየተውለበለበ፣ ጎንበስ ብላ ነው የቆመችው። ግን ቆማለች፤ ውሃው ከእግሯ ሥር ነው። በአባቴና በእናቴ ፊት አለፈች፣ በጋሽ ወርቁ ፊት አለፈች፣ በጎረምሶቹ ፊት አለፈች፣ አንዳቸውም ቀልድ አልመጣላቸውም። ደንገሉ ጋ ስንደርስ ላዞር ስል ወደቀች። ያኔ ዱላው ተነሳ።

ዋኝታ ወጣች። ሴቶቹ እልል እያሉ ተንጋጉባት። እናቴ ጋቢ አለበሰቻት፣ አንዷ እግሯን ታሻለች፣ አንዷ ሻይ ትቀዳለች፣ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ ሉብዬ ነይ እዚህ ተቀመጪ» ይላሉ። ድንጋይ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈላት። ሉባባ ጋቢው ውስጥ ተጠቅልላ ቆመች፤ ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁት። እኔ ከጀልባዋ ዘልዬ ወርጄ ነበር፤ ጀልባዋ ተንሳፍፋ ከዳር ልትርቅ ነው፣ ማንም ልብ አላለም።

አባቴ በዳሩ እየሮጠ መጥቶ ደረሰ። እያለከለከ ነው። ሁሉም ይመርቃታል ብሎ ጠበቀ። እህቱን አያት፣ ጋቢውን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ ከዚያ ጀልባዋን አየ።

«ጀልባዋን ማን ሊያስርልሽ ነው?» አላት፣ እኔን በሚቆጣበት ድምፅ። «ተጎልተሽ ትቀሪያለሽ እንዴ? አትሄጂም?»

እናቴ «ኧረ እንድሪስ! ትንፋሿን እንኳ ትሰብስብ» አለች።

«አንቺም አሳሽ እያረረ ነው» አላት።

ሉባባ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻዋ ጥላ ወደ ውሃው ሮጠች፣ ጀልባዋን በገመዷ ይዛ ጎትታ አመጣች፣ ግንዱ ላይ አሰረች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄ ቋጠሮ ነው? ሕፃን ይፈታዋል። ፍቺና ድገሚው» አለ። ፈታችና ደገመችው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስትስቅ ነው ስታለቅስ መለየት አልቻልኩም። አባቴም ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል።

እናቴ ጋ ያስቀመጠችው ስልኳ ጮኸ። እናቴ እሳት የያዘች ያህል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አመጣችው። «ያ ሰውዬ ነው» አለች።

ሉባባ ቀና አላለችም። «እጇ ሥራ ይዟል በይው» አለች።

«ስትጨርሺ ያንን መረብም ወዲህ አምጪ» አላት አባቴ።

ከዚያ ለት ጀምሮ እስክትሞት ድረስ፣ በቤታችን ውስጥ ለሉባባ ድምፁን ያለዘበላት ሰው አልነበረም።